በአለቱ ላይ የተሳለው በር

ቢር ሐሉ ውስጥ ከምሳ በኋላ ሰው ተፈልጎ አይገኝም። የጎዞ ደሴት ፀሐይ በነሐሴ ድንጋዩን ነጭ እስኪሆን ስታጋየው፣ ሕዝቡ ሁሉ ዳቦውን በቲማቲምና በዘይት በልቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ ጋደም ይላል። ውሻ እንኳ አይጮኽም። በዚያ ሰዓት የሰው በር ማንኳኳት ነውር ነው። ልጅ ቢያንኳኳ ይቆነጠጣል፣ አዋቂ ቢያንኳኳ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሲታማ ይከርማል። እኛ የቢር ሐሉ ሰዎች ብዙ ነገር ይቅር እንላለን፣ እንቅልፋችንን ለሚነካ ግን ምሕረት የለንም።

ስለዚህ አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዳቦ ጋጋሪው የግሬትስዩ በር አንዴ ኳ ሲል፣ ሚስቱ ስድቧን አስቀድማ ነበር የወጣችው። መንገዱ ላይ ማንም የለም። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። በሦስተኛው ቀን ሦስት ጊዜ። ግሬትስዩ ያን ጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያጠለቀ ነበር። ሁለተኛውን ሳያደርግ ሞተ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ፤ እኛም ልብ ነው ብለን ቀበርነው።

ሳምንት ሳይሞላ አሮጊቷ ስቴላ ተከተለች። እሷ ወሬውን ሰምታ ስለነበር አልከፈተችም፤ በሩን ቆልፋ፣ ከኋላው ሳጥን ገፍታ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀመጠች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በሦስተኛው ቀን ሳጥኑ ሳይነቃነቅ፣ መቁጠሪያው ከእጇ ሳይወድቅ አገኘናት።

ቀጥሎ የአዳኙ የዜፒ ወንድም ኒኑ ነበር። ዜፒ ደግሞ እልኸኛ ነው። የመጀመሪያዋን ምት እንደሰማ የወንድሙን በር በሳንቃ ላይ ሳንቃ ቸነከረበት፣ የነሐስ ማንኳኪያውን ነቅሎ ጉድጓድ ውስጥ ጣለው፣ ጠመንጃውን ይዞ ከበሩ ፊት ለፊት ወንበር አስቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እርቃኑን የቀረው ሳንቃ ሦስት ጊዜ ተመታ፣ እንደ አጥንት በሚጮኽ ነገር። ኒኑ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ዜፒን "ለምን አልተኮስክም?" ብሎ የጠየቀው ሁሉ አንድ መልስ ብቻ ነበር የሚያገኘው።

"በምኑ ላይ?"

ቄሳችን ዱን ሳልቭ በሮቹን ሁሉ በጸበል ረጩ። ሰዉ ቁልፉን ደረበ፣ በላዩ የብረት መወርወሪያ ጨመረበት፣ ድንጋይ ቆለለ። ይህ ባልሠራ ቁጥር ያንኑ አብልጦ መሥራት እንጂ ሌላ ነገር የመጣለት አንድም ሰው አልነበረም።

ጁዲታ ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ሥራዋ ቀለም ነው፤ ለበዓል ቀን መንገዱን የምናስጌጥበትን የእንጨት ዓምድ እብነ በረድ አስመስላ የምትስል እሷ ናት። ከአጠገቡ ቆሞ በጥፍሩ ካልፋቀው በቀር እንጨት መሆኑን የሚለይ አይገኝም። የምትኖረው ከአባቷ ከዊስቲን ጋር ብቻ ነው። ዊስቲን ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዓት የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። በየሦስት ቀኑ ማማው ላይ ወጥተው ቁልፉን ያዞራሉ፣ ወርደው ጉልበታቸውን ይረግማሉ።

ቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ማማ፣ ሁለት ሰዓት አለው። የግራው እውነተኛ ነው፤ ይሄዳል፣ ይደውላል። የቀኙ ግድግዳ ላይ የተሳለ ነው፣ ሁልጊዜ አምስት ሰዓት ከአስር ነው። አያቶቻችን ያሳሉት ሰይጣን የቅዳሴውን ሰዓት እንዲሳሳት ብለው ነው። ስለዚህ ዊስቲንን መንገድ ላይ አስቁሞ "ስንት ሰዓት ነው?" ያላቸው ሰው ሁሉ፣ ሕፃን ይሁን ጳጳስ፣ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው።

"ለማን?"

ከዚያ እየሳቁ ትክክለኛውን ይነግሩታል። ቀልዱ ስልሳ ዓመት ሞልቶታል። ጁዲታ ከጡት ሳትወርድ ጀምሮ ሰምታዋለች፣ አንዳንድ ቀን ጥርሷን ያስነክሳታል።

ሰኞ ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የእነሱ በር አንዴ ኳ አለ።

ጁዲታ አልጋዋ ላይ እንዳለች ደረቀች። ግድግዳውን ተሻግሮ የአባቷ ድምፅ መጣ።

"ሰማሽ?"

"ሰማሁ፣ ፓ።"

"በይ ተኚ። ዛሬ አንድ ናት።"

ተኚ ሲሉ! ተነስታ ወጥ ቤት ሄደች፣ ውሃ ቀዳች፣ ሳትጠጣው ቆመች።  አባቷ ሊሞቱባት ነው፣ እስከ ረቡዕ። እናቷን ቀብራለች፣ ባል አላገባችም፣ በዚህ ዓለም ላይ ያሏት እኚህ ጉልበታቸውን የሚረግሙ ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

አመሻሹ ላይ ዜፒ ጠመንጃውን ተሸክሞ መጣ። ጎረቤታቸው ነው፣ ጣሪያ ለጣሪያ ይገናኛሉ፤ ሽማግሌውን እንደ አጎቱ ቆጥሮ ዚዩ ይላቸዋል።

"ዚዩ ዊስቲን፣ እኔ በሩን በድንጋይ ልገንባልዎት። ዙሪያውን። አንድ ክንድ ውፍረት።"

"የወንድምህን በር ስንት ሳንቃ መታህበት?"

"አስራ አንድ።"

"አስራ ሁለተኛው ያድነው ነበር?"

ዜፒ አንገቱን ደፋ። ዊስቲን ክፉ ሰው አይደሉም፣ ወዲያው ተጸጽተው የበግ አይብና ወይን አቀረቡለት። "ልጄ፣ ሁላችሁም አፍጥጣችሁ የምታዩት በሩን ነው" አሉት። "ያ የሚያንኳኳው ሰውዬም የሚያየው በሩን ነው። አንድ ነገር ላይ ተፋጣችሁ ጉልበት ስትለካኩ እሱ ይበልጣችኋል። የጥንቶቹ ሰይጣንን በሩ ላይ ቆመው አልታገሉትም። ሌላ ሰዓት ሳሉለት፣ አለቀ።"

ይህን ያሉት ለመጽናኛ ያህል ነበር። ጁዲታ ግን ብርጭቆውን እያጠበች ቆም አለች።

"ሌላ ሰዓት" አለች።

"እህ?"

"ምንም። ዜፒ፣ በጣሪያህ በኩል መውጣትና መግባት እንችላለን?"

"ምን ልታደርጊ?"

"በሩን ላጠፋው ነው።"

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ቀለሟን ተሸክማ ወጣች። ከመንገዱ ጫፍ፣ ከቤታቸው ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ አለት ተጠርቦ የተሠራ ግንብ አለ። ከኋላው ቤት የለም፣ ዋሻም የለም፤ ኮረብታው ራሱ ነው። እዚያ ላይ በር ሳለች። የቤታቸውን በር፤ አረንጓዴው ቀለም ከታች የተላጠበትን፣ ድመት የቧጨረችበትን፣ እርሷ ሕፃን ሆና በሚስማር የጫረችውን መስመር ሳይቀር። በዘጠኝ ሰዓት ብሩሹ እጇ ላይ እንዳለ፣ ከኋላዋ የእውነተኛው በራቸው በዓሣ ቅርጽ የተሠራ የነሐስ ማንኳኪያ ተነስቶ ሁለት ጊዜ ሲወድቅ አየች። በባዶ ጎዳና ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የነሐሱ ዓሣ ብቻውን ጭራውን አነሳ፣ ጣለ፣ አነሳ፣ ጣለ። ጮኻ መሮጥ አማራት። ቀለሙ እንዳይደርቅባት ብላ ቀጠለች።

ረቡዕ ጠዋት ማንኳኪያውን ከበራቸው ነቅላ በተሳለው በር ላይ ተከለችው። የቅዱስ ዮሴፍ ሥዕል ያለበትን የደጃፉን ሸክላም አዛወረች። ከዚያ የእውነተኛውን በር ድንጋይ አደረገችው፤ እያንዳንዱን ጥርብ ድንጋይ፣ መጋጠሚያውን፣ በመጋጠሚያው መሃል የምትበቅለውን ደረቅ ሣር ሳለችበት። ዱን ሳልቭ በዚያ ሲያልፉ ሰላም ሊሉ ሄደው በሩን አጥተው ሁለቴ ተመላለሱ።

"ጁዲታ፣ ይሄ ማታለል አይደለም ወይ?"

"ማማዎን ቀና ብለው ይመልከቱ፣ ዱን ሳልቭ።"

ቄሱ ቀና ብለው የቀኙን ሰዓት አዩ፣ አምስት ከአስር። ባርከዋት ሄዱ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባትና ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ። የግራው ማማ ደወለ። ጸጥ አለ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከግንቡ በኩል መጣ። ኳ። ኳ። ኳ።

ዊስቲን ትንፋሻቸውን ዋጡ። ደረታቸውን ዳሰሱ፣ ሆዳቸውን ዳሰሱ፣ ጆሮአቸውን ቆነጠጡ።

"ጁዲታ።"

"ፓ?"

"ርቦኛል።"

ሳቀች፣ አለቀሰች፣ መልሳ ሳቀች። በዚያ ቀን መንደሩ እንደ በዓል ሆነ። ዜፒ በመንገድ ላይ አቀፋት፤ የግሬትስዩ ሚስት ትኩስ ዳቦ አመጣች፣ ነገር ግን "አንቺ ልጅ ከወር በፊት ብታስቢው ምን ነበረበት?" ብላ አለቀሰች። 

ሐሙስ ግንቡ አራት ጊዜ ተመታ። ዓርብ አምስት።

ያ ሰውዬ አልሄደም ነበር። አልተቆጣም፣ አልቸኮለም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ከትናንቱ አንድ እየጨመረ ያንኳኳል። ሌላ በር አልነካም፣ ሌላ ሰው አልሞተም፤ ግን አንድም ሰው እንቅልፍ አልወሰደውም። መንደሩ ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይቆጥራል። አስራ ሁለት። አስራ ሦስት። እኛ ያደግነው ደጅ የመጣን ሰው በር ላይ ማስቆም ውርደት ነው ተብለን ነው፤ ጠላትም ቢሆን "ማነው?" ይባላል። መልስ ያጣ ማንኳኳት መስማት እንዴት ሰውነት እንደሚበላ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ የባሰባቸው ዊስቲን ናቸው። ዕድሜያቸውን በቆጠራ የኖሩ ሰው ናቸውና ምቱን ብቻ ሳይሆን በምቱ መካከል ያለውንም ይቆጥሩ ነበር። በሃያኛው ቀን ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"የመጨረሻዋ ከግንቡ አይደለም የመጣችው።"

"ይተዉ፣ ፓ።"

"ወደዚህ ቀረብ ያለች ናት። ግድግዳውን እየዳሰሰ ነው።"

በሃያ አንደኛው ቀን ከጎረቤት ግድግዳ መጣች። በሃያ ሁለተኛው ቀን የመጨረሻዋ ምት ድንጋይ ተደርጎ በተሳለው በራሳቸው በር ላይ አረፈች። ድምፁ የድንጋይ አልነበረም፤ እንጨት መሆኑን የሰማ ሁሉ ያውቃል። ያ ሰውዬም ሰምቷል።

ጁዲታ ወዲያው ተነሳች። "አስር በር እስላለሁ። ሃያ! በየግንቡ። ሲዞር ይኑር።"

"አስር ከሳልሽ አስሩን ይማራል። አንዱን ለመማር ሃያ ቀን ፈጀበት፤ የሚቀጥለው አምስት ቀን ይፈጅበታል።"

"ታዲያ እጄን አጣጥፌ ሲወስድዎት ልይ?"

ዊስቲን ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"እኔን እንደሆነ በምን አወቅሽ?"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"እዚህ ቤት ሁለት ነን። እኔ ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ልጄ። እኔን ለመውሰድ ይሄ ሁሉ ማንኳኳት ምን ያደርጋል? ጥቂት ቢታገሥ በራሴ እግር እመጣለት ነበር።" ማንኪያቸውን አንስተው ሾርባቸውን ጨረሱ። ጁዲታ ግን ያቺን ማታ አልበላችም። ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ለእሳቸው ስትፈራ፣ እሳቸው ለእሷ ይፈሩ ነበር።

በሃያ ሦስተኛው ቀን የቀሰቀሳት ዝምታው ነው። ሦስት ቀን ያልተኛ ዓይኗ ከድኗት ኖሯል። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ሆኗል፣ ማንኳኳት የለም። የአባቷ አልጋ ባዶ ነው። በጣሪያው በኩል፣ በባዶ እግሯ፣ የጋለውን ድንጋይ እየረገጠች ሮጠች።

ከግንቡ ሥር የአባቷ ነጠላ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ ጫፉ ወደ አለቱ ዞሮ። የነሐሱ ዓሣ የለም፤ የተነቀለበት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። እሷ ዝግ አድርጋ የሳለችው በርም አንድ መዳፍ ያህል ገርበብ ብሏል።

እኛ ዘንድ ማንኳኪያው ተነቅሎ በሩ ገርበብ ያለ ቤት፣ ውስጡ ሰው የሞተበት ቤት ነው። ማንም ንገሩኝ አይልም። አባቷ ልጃቸውን እንዳይነካባቸው ብለው በራሳቸው እግር ሄደውለታል።

እጇን ዘርግታ ነካችው። ቀለም ነው። ደረቅ ቀለም፣ የራሷ አረንጓዴ፣ በመካከሉ ደግሞ እሷ ያልሳለችው ጥቁር መስመር። ጥቁሩ ላይ ጣቷን ስታሳርፍ ብርድ መታት፣ የጉድጓድ አፍ ብርድ።

ባሕሩን ፈለግን፣ ጉድጓዱን ሁሉ ፈለግን። ዱን ሳልቭ በሦስተኛው ቀን ለሙት ወንድ የሚደወለውን ደወል አስደወሉ። ጁዲታ ቤቷ አልገባችም። ጎረቤት ያመጣላትን ሾርባ ከግንቡ ሥር ተቀምጣ ሲበርድ አየችው። ሰው ሁሉ ለምሳ እንቅልፍ ገባ፣ እሷ ብቻ ቀረች። ዘጠኝ ሰዓት ተደወለ።

"ጁዲታ።"

ከአለቱ ውስጥ ነው። የአባቷ ድምፅ ነው፤ ያ ጠዋት ጠዋት የሚጎረንነው፣ ስሟን ሲጠራ መጨረሻውን የሚስበው።

"ፓ! ፓ፣ ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ፣ ልጄ። በሩ ጠቦኝ ነው። ትንሽ ብታሰፊልኝ እወጣለሁ።"

የቀለም ዕቃዋ አጠገቧ ነበር። ምን ማድረግ እንዳለባት ወዲያው ገባት። አንድ ክንድ ያህል ጥቁር፣ ክፍተቱን ትንሽ ወደ ጎን መግፋት፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። በደስታ ተቻኩላ ጥቁሩን ከፈተች፣ ብሩሹን ነከረች፣ ወደ ግንቡ አነሳች።

ከዚያ አንድ ነገር ያዛት። ያ ሰውዬ መጀመሪያ የሚያውቀው ምት መጨመር ብቻ ነበር። በጎን መምጣትን፣ አስመስሎ ማታለልን ያስተማሩት እሷና አባቷ ናቸው።

"ፓ" አለች፣ ድምፅዋን ቀና ለማድረግ እየታገለች። "ስንት ሰዓት ነው?"

 ከራሷ በላይ እውነተኛው ሰዓት ይሄዳል፤ አሁን ገና ዘጠኝ ደውሏል።

"አምስት ከአስር" አለ የአባቷ ድምፅ፣ በፍቅር።

ጁዲታ ብሩሹን አወረደች። ጥቁሩን በጨርቅ ጠረገች፣ ጨርቁንም ጣለችው። አረንጓዴውን ከፈተች።

"ምን እያደረግሽ ነው፣ ልጄ?"

 ከላይ ጀምራ ወደ ታች ቀባች፣ እጇን ሳታፈጥን፣ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን። ድምፁ ለመናት። እናቷን በስሟ ጠራላት። ሕፃን ሳለች ታምማ አባቷ የዘፈኑላትን ዘፈን አዜመላት፣ አንድ ቃል ሳያጎድል። እያለቀሰች ቀባች፤ እንባው ቀለሙ ላይ እንዳይነጠብ ፊቷን በክንዷ እየጠረገች። ጥቁሩ መዳፍ ነበር፣ ሁለት ጣት ሆነ፣ አንድ ጣት ሆነ።

ክር ያህል ሲቀር፣ ከዚያ ከሚለምነው ድምፅ ኋላ፣ በጣም ከሩቅ፣ ከኮረብታው ሆድ፣ ዘግይቶ የመጣ ሌላ ድምፅ ሰማች። ደክሟል፣ ግን ሊስቅ የፈለገ ድምፅ ነው።

"ለማን?"

ብሩሹ አየር ላይ ቀረ። አባቷ እዚያ ናቸው። ያኛውም እዚያ ነው። በሩ ደግሞ አንድ ነው፤ ለአንዱ የሚከፈት ለሁለቱም ነው። አባቷም ይህን ስለሚያውቁ ነው የመለሱት። ክፈቺ አላሉም። እኔ ማን እንደሆንኩ፣ እሱም ማን እንደሆነ እወቂ ብለው ነው።

"ለእኛ፣ ፓ" አለች። "ዘጠኝ ከሩብ ነው።"

የቀረውን ክር ዘጋችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቢር ሐሉ ውስጥ በእንቅልፍ ሰዓት የተንኳኳ በር የለም። ያን ግንብ በኖራ የሚቀባው ሰው የለም፤ ጁዲታ ብቻ በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ አረንጓዴውን ታድሰዋለች። ሰዓቱንም የምትሞላው አሁን እሷ ናት። ልጆች መንገድ ላይ አስቁመው ስንት ሰዓት ነው ሲሏት እንደ አባቷ "ለማን?" ትላቸዋለች፣ ከዚያ ትክክለኛውን ከመንገሯ በፊት ትንሽ ዝም ብላ ታዳምጣለች።